አስቸጋሪውን የሰንጠረዥ እንቆቅልሽ ስለ መፍታት

ሰንጠረዥ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚጫወቱት የጦርነት አምሳያ ነው። አንዱ ነጩን ሠራዊት፥ ሌላው ጥቁሩን ሠራዊት ይዞ፥ ስምንት በስምንት ሆኖ በ64 ቤቶች በተከፈለ ገበታ ላይ ይጋጠማሉ። የጨዋታው ፍጻሜ የባላጋራን ንጉሥ መውጫ በሌለው ስፍራ መያዝ ነው። በአገራችንም ይህ ጨዋታ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በነገሥታትና በመኳንንት ቤት የታወቀ ነበረ። ገበታው ብዙ ጊዜ በመስመር ብቻ የተከፈለ ጨርቅ ነበረ እንጂ እንደ ዛሬው ቤቶቹ ነጭና ጥቁር ሆነው የተለዩ አልነበሩም። ሲጀምሩም ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ አንዱ ከሌላው ሠራዊት እስኪማርክ ድረስ፥ እያንዳንዱ እጁ የቻለውን ያህል ያንቀሳቅስ ነበር፤ ይህም ወረራ ይባል ነበር። ዛሬ በዓለም ሁሉ ቼዝ እየተባለ የሚጫወቱት ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ ተራ የሚጠበቅበት ነው፤ ትምህርታችንም ስለዚሁ ነው።

ሰንጠረዥን አንድ ሰው ባላጋራ ሳይኖረው ብቻውን ሊማርበት የሚችል መንገድ ደግሞ አለ። ይኸውም ጥቂት ሠራዊት በተወሰነ ቤት በተወሰነ ቤት ያኖሩና፥ «ነጩ ተነሥቶ እንዴት ያሸንፋል?» ወይም «ጥቁሩ እንዴት አድርጎ ከመሸነፍ ያመልጣል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ የሰንጠረዥ እንቆቅልሽ ነው። ከ1000 ዓመት በፊት በባግዳድ የነበሩ የጨዋታው ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ጥያቄ እየሰበሰቡ በመጽሐፍ ጽፈውታል።

ልጆች ሆይ፥ እናንተ ማታ በእሳት ዳር ተሰብስባችሁ «እንቆቅልህ» ስትባሉ «ምን አውቅልህ» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። መልሱ የጠፋውም ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባልና አንድ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። በሰንጠረዥ እንቆቅልሽም አገር መስጠት ይቻላል፤ መልሱ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ በስተኋላ ታትሞ ይገኛልና። ነገር ግን ቶሎ አገር የሚሰጥ ልጅ መልሱን ያገኛል እንጂ ወደ መልሱ የሚያደርሰውን መንገድ አያገኝም። ከእርሱም የሚብስ ሌላ ልጅ አለ። እርሱ መልስ የሚመስል ነገር ባየ ጊዜ ወዲያው እጁን አንሥቶ «አገኘሁት» ይልና መፈለጉን ይተዋል። የመጀመሪያው ልጅ እንዳላወቀ ያውቃል፤ ሁለተኛው ግን ይህንም አያውቅም። አሁን የምትሰሙት ታሪክ በጨዋታው የሠለጠኑ ሰዎች እንኳ እንደ ሁለተኛው ልጅ የሆኑበትን ጊዜ የሚነግር ነው።

ታሪኩን ለመከተል በመጀመሪያ የቤቶቹን ስም ማወቅ ያስፈልጋል። ገበታውን ከነጩ ወገን ተቀምጣችሁ ተመልከቱት። ከግራ ወደ ቀኝ ያሉትን ስምንት መስመሮች ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ፥ ሠ፥ ረ፥ ሰ፥ ቀ ብላችሁ ጥሩ። ከእናንተ ጀምሮ ወደ ፊት ያሉትን ስምንት ረድፎች ደግሞ ከ1 እስከ 8 ቍጠሩ። እንግዲህ ሀ1 ማለት በግራችሁ በኩል ያለው የቅርቡ ማዕዘን ነው፤ ቀ8 ማለት በቀኛችሁ በኩል ያለው የሩቁ ማዕዘን ነው። ገበታ የሌለው ልጅ በወረቀት ወይም በመሬት ላይ ይሣለው፤ ለሠራዊቱም ባቄላና ሽምብራ ይበቃዋል።

ንጉሥ ወደ ፈቀደው ወገን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ግንብ የሚባለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ወደ ቀኝና ወደ ግራ፥ መንገዱ ክፍት እስከ ሆነ ድረስ በቀጥታ ይሮጣል። ንግሥት እንደ ግንቡ ትሮጣለች፤ ከዚህም በላይ በሰያፍ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ከሠራዊቱ ሁሉ የበረታች እርስዋ ናት። ወታደር ወደ ፊት አንድ ቤት ይራመዳል፤ ሲማርክ ግን በሰያፍ አንድ ቤት ነው። ይህ ከሁሉ የሚያንስ ወታደር እየተራመደ ወደ መጨረሻው ረድፍ በደረሰ ጊዜ ይሾማል። ከንጉሥነት በቀር ጌታው የወደደውን ሹመት ይሰጠዋል፤ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ንግሥት ያደርገዋል።

ሦስት ነገር ደግሞ እወቁ። ንጉሥ ሊማረክ በሚችልበት ቤት ሳለ ባላጋራው ቢደርስበት ቼክ ይባላል፤ ወዲያውም መሸሽ፥ መከለል ወይም ቼክ ያለውን መማረክ አለበት። የሚሸሽበትና የሚከለልበት ቢያጣ፥ ቼክ ያለውንም መማረክ ባይችል ቼክሜት ይሆናል፤ ጨዋታውም በሽንፈት ያልቃል። ነገር ግን ንጉሡ ቼክ ሳይባል፥ ባለ ተራው በሕግ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ነገር እንኳ ቢያጣ፥ ሁለቱ እኩል ይወጣሉ። ይህን የመጨረሻውን ሕግ በልባችሁ ያዙት፤ የታሪካችን ቍልፍ እርሱ ነውና።

በስኮትላንድ አገር በግላስጎው ከተማ በየሳምንቱ የሚታተም ጋዜጣ ነበረ። የዚህን ጋዜጣ የሰንጠረዥ ገጽ የሚያዘጋጀው ጆርጅ ባርቢየር የሚባል ብርቱ ተጫዋች ነበረ። በ1895 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ከ20 ዓመት በፊት ፌንተንና ፖተር የሚባሉ ሁለት ሰዎች የተጫወቱትን አንድ ጨዋታ አስታውሶ፥ ከዚያ አንድ እንቆቅልሽ አወጣና አሳተመ። እንቆቅልሹ አራት ሠራዊት ብቻ ያለበት ነው። የነጩ ንጉሥ በለ6፥ የነጩ ወታደር በሐ7 ቆመዋል። የጥቁሩ ንጉሥ በሀ1፥ የጥቁሩ ግንብ በመ5 ቆመዋል። ተራው የጥቁሩ ነው። ጥያቄውም፦ ጥቁሩ ሳይሸነፍ እኩል ሆኖ የሚወጣው እንዴት ነው? የሚል ነበር።

አሁን ሽምብራችሁን በገበታው ላይ አኑሩና ተመልከቱ። ነጩ ወታደር ንግሥት ለመሆን የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ግንቡ ሊያግደው ወደ መ8 ቢሮጥ ወታደሩ በሰያፍ ይማርከዋል፤ ወደ ሐ5 ቢሄድም ንጉሡ ይማርከዋል። ስለዚህ ጥቁሩ ነጩን ንጉሥ ዕረፍት መንሣት አለበት። ግንቡን ወደ መ6 አውጥቶ ቼክ ይላል።

የነጩ ንጉሥ ወዴት ይሽሽ? ወደ ለ7 ቢሸሽ ግንቡ ወደ መ7 ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወታደሩ በንጉሡና በግንቡ መካከል ስለ ሆነ፥ ቢነሣ ንጉሡን ያጋልጣልና እንደ ታሰረ ይቀራል። በሚቀጥለው ተራ ግንቡ ወታደሩን ይማርከዋል። ንጉሡ በፈንታው ግንቡን ቢማርክም ሁለት ነገሥታት ብቻቸውን ስለሚቀሩ ማንም ማንን አያሸንፍም። ወደ ሐ5 ቢሸሽ ደግሞ ግንቡ ርቆ ወደ መ1 ይወርዳል፤ ወታደሩ በሐ8 ንግሥት ሲሆን ግንቡ ወደ ሐ1 ዞሮ ንጉሡን ቼክ ይለዋል፤ ንጉሡም ከመስመሩ ሲወጣ በስተኋላው የቆመችውን ንግሥት ግንቡ ይወስዳታል። እንግዲህ የሚሻለው ወደ ለ5 መውረድ ነው። ግንቡም በመ5 ቼክ ይላል፤ ንጉሡ ወደ ለ4 ይወርዳል። ግንቡ በመ4 ቼክ ይላል፤ ንጉሡ ወደ ለ3 ይወርዳል። ግንቡ በመ3 ቼክ ይላል። በዚህ ጊዜ ንጉሡ ወደ ሐ2 ይዞራል፤ ግንቡንም ከአጠገቡ ያስፈራራዋል። ከእንግዲህ ወዲህ ለግንቡ በደኅና ቼክ የሚልበት ቤት አልቀረለትም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጥቁሩ ተሸነፈ ይላል። ባርቢየር ግን አንድ ወጥመድ አይቶ ነበር። ግንቡ ወደ መ4 ይሄዳል። ምንም የማያደርግ ይመስላል። ነጩ ደስ ብሎት ወታደሩን በሐ8 ንግሥት ያደርጋል። ያን ጊዜ ግንቡ ወደ ሐ4 ገብቶ ቼክ ይላል፤ ራሱንም ለሞት ይሰጣል። ንግሥቲቱ እርሱን ከመማረክ በቀር የሚሻል መንገድ የላትም፤ ካልማረከችው እርሱ እርስዋን ይማርካታል። በማረከችው ጊዜ ግን የጥቁሩ ንጉሥ በሀ1 ማዕዘን ተዘግቶ ይቀራል። ለ1ንና ለ2ን የነጩ ንጉሥ ከሐ2 ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ ሀ2ን ንግሥቲቱ ከሐ4 በሰያፍ ትጠብቀዋለች። ንጉሡ ቼክ አልተባለም፤ የሚሄድበትም ቤት የለውም፤ ሌላ ሠራዊትም የለውም። ስለዚህ እኩል ወጡ። ባርቢየር ይህን መልስ በጋዜጣው አሳተመ። በእውነትም ያማረ መልስ ነው። ከመሞት የማያመልጥ ግንብ በሞቱ ጌታውን አዳነ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፋችሁ ለጥቂት ጊዜ አስቡ። ታሪኩ አላለቀምና።

በዚያው በግላስጎው ፈርናንዶ ሳቬድራ የሚባል ከስፔን አገር የመጣ መነኵሴና ካህን ይኖር ነበር። በሰንጠረዥ ስሙ የታወቀ ሰው አልነበረም። እርሱ የታተመውን መልስ ተመልክቶ በዚያ አልቆመም። ባርቢየር የእኩል መውጣቱን ማማር አይቶ ረክቶ ነበር፤ ሳቬድራ ግን የእኩል መውጣቱን ምክንያት መረመረ። የጥቁሩ ንጉሥ የተዘጋው በምን ነው? ሀ2 ስለ ተያዘበት ነው። ሀ2ን የያዘው ማን ነው? ንግሥቲቱ ናት፤ እርስዋም የያዘችው በሰያፍ ስለምታይ ነው። እንግዲያስ ነጩን የጎዳው የንግሥቲቱ ድካም ሳይሆን ከመጠን ያለፈ ብርታትዋ ነው። በሰያፍ የማያይ ሌላ ቢሆን ኖሮ ሀ2 ክፍት ይሆን ነበር፤ ወጥመዱም ይፈርስ ነበር።

ስለዚህ ሳቬድራ ወታደሩን በሐ8 ንግሥት አላደረገውም፤ ግንብ አደረገው።

አሁን የሆነውን እዩ። ጥቁሩ እንደ በፊቱ ግንቡን ወደ ሐ4 ቢያገባ፥ አዲሱ ግንብ ይማርከዋል፤ የጥቁሩ ንጉሥ ግን ወደ ሀ2 መሄድ ስለሚችል እኩል የመውጣት ነገር የለም፤ ነጩም በአንድ ግንብ ብልጫ ቀስ ብሎ ያሸንፋል። ይህም ብቻ አይደለም። አዲሱ ግንብ ወደ ሀ8 ዞሮ በሀ መስመር ላይ ቼክሜት ሊያደርግ ይዝታል። ጥቁሩ ይህን ለመከልከል ግንቡን ወደ ሀ4 ማምጣት ግድ ሆነበት። ያን ጊዜ የነጩ ንጉሥ ከሐ2 ወደ ለ3 አንዲት እርምጃ ይራመዳል። በዚህች በአንዲት እርምጃ ሁለት ነገር አደረገ፤ በአንድ ወገን በሀ4 ያለውን ግንብ ሊማርክ ቀረበ፥ በሌላ ወገን ለራሱ ግንብ መንገዱን ከፈተለትና በሐ1 ቼክሜት ሊያደርግ ተዘጋጀ። ጥቁሩ አንዱን ቢያድን ሌላው ይጠፋበታል። በገበታው ላይ ሁለት ግንብና ሁለት ነገሥታት አሉ፤ ኀይላቸውም ሲቈጠር እኩል ነው፤ ጥቁሩ ግን ተሸንፏል።

ባርቢየር ይህን በሰማ ጊዜ አልሸሸገውም። የካህኑን መልስ በዚያው በጋዜጣው አወጣው። አንድ ሳምንት አስቀድሞ በሕዝብ ፊት «እኩል ይወጣሉ» ያለ ሰው፥ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሕዝብ ፊት «አይደለም፥ ነጩ ያሸንፋል» ብሎ ማሳተሙ ቀላል አይምሰላችሁ። ያ አቀማመጥ እስከ ዛሬ ድረስ የሳቬድራ አቀማመጥ እየተባለ ይጠራል፤ በብዙ የሰንጠረዥ መጻሕፍትም ይገኛል። የሳቬድራ ስም በጨዋታው ታሪክ የሚነሣው በዚህ በአንድ እርምጃ ብቻ ነው።

ባርቢየር ወታደር ግንብ ሊሆን እንደሚችል አያውቅም ነበርን? ያውቃል እንጂ፤ ሕጉን ጀማሪ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። ሁልጊዜ ንግሥት ማድረግ ስለ ለመደ፥ ዓይኑ ሌላውን ሹመት ጨርሶ አልተመለከተውም። እንቆቅልሽ አዘጋጆችም ይህን የሰውን ልማድ በደንብ ያውቃሉ። ስለዚህ በአስቸጋሪ እንቆቅልሽ ውስጥ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማንም ሊያደርገው ከማይወደው እርምጃ ነው፤ ብርቱውን ሠራዊት መስጠት፥ ወደ ኋላ መመለስ፥ ታናሹን ሹመት መምረጥ፥ እንዲህ ያለው ነው።

እንቆቅልሽ ስትፈቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅማችሁ የባላጋራን ተራ እንደ ራሳችሁ ተራ አድርጎ ማሰብ ነው። ልጆች ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ያማረ እርምጃ ይመርጡና ለባላጋራው ደግሞ ሞኝ የሆነውን እርምጃ ይመርጡለታል። ይህ ራስን ማታለል ነው። ገበታውን አዙራችሁ በባላጋራው ወገን ተቀመጡ፤ «እኔ በዚህ ብሆን እንዴት አመልጥ ነበር?» ብላችሁ ከልባችሁ ፈልጉለት። ያሰባችሁት መንገድ ከዚህ ፈተና ቢያልፍ መልስ ነው፤ ባያልፍ ግን ያፈረሰውን አንድ ነገር በስሙ ጥሩት። «አልሆነም» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም። «አልሆነም፥ ሀ2 ስለ ተያዘ» ያለ ሰው መልሱን ግማሽ አግኝቷል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ሀ2ን የማይዝ ነገር መፈለግ ብቻ ነውና። እጃችሁንም ቶሎ ወደ ሽምብራው አትስደዱ። እርምጃውን መጀመሪያ በልባችሁ አሂዱት፤ እጅ ሲቀድም ዓይን ያየውን ብቻ ይከተላል።

በነገራችን ላይ፥ በአገራችን የቀድሞ ጨዋታ በግንብ ቼክሜት ማድረግ ብዙ የሚያስመሰግን አልነበረም፤ በወታደሮች የሆነ እንደ ሆነ ግን ታላቅ ምስጋና ነበረው። የሳቬድራ ሥራ ከነዚያ መኳንንት ፊት ቢቀርብ እንዴት ይፈርዱት ነበር? ያሸነፈው ግንብ ነው፤ ግንቡ ግን ትናንት ወታደር ነበረ። ጥሩ ክርክር ይወጣው ነበር።

ዛሬ በኮምፒዩተር የተሠራ ነገር አለ። በገበታው ላይ ሰባት ወይም ከሰባት የሚያንስ ሠራዊት ሲቀር የሚሆነው ፍጻሜ በሙሉ ከ2012 ጀምሮ ተቈጥሮ ተመዝግቧል። የሳቬድራ አራት ሠራዊት ለዚህ መኪና የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አይሆንበትም። ይሁን እንጂ መኪናው «ግንብ» ብሎ ይመልሳል እንጂ ንግሥቲቱ ስለ ምን እንዳልሆነች አይነግራችሁም። ያን ማግኘት የተመልካቹ ፈንታ ነው።

እንግዲህ አንድ ሌላ እንቆቅልሽ ውሰዱ። ሪቻርድ ሬቲ የሚባል ታላቅ ተጫዋች በ1921 ያወጣው ነው፤ በዚህም ያሉት አራት ሠራዊት ብቻ ናቸው። የነጩን ንጉሥ በቀ8፥ የነጩን ወታደር በሐ6 አኑሩ። የጥቁሩን ንጉሥ በሀ6፥ የጥቁሩን ወታደር በቀ5 አኑሩ። የጥቁሩ ወታደር ወደ ታች እየወረደ በቀ1 ንግሥት ሊሆን ይሮጣል። የነጩ ንጉሥ በስተኋላው ቢያሳድደው በሁለት እርምጃ ይዘገይበታል። የራሱን ወታደር ለመርዳት ቢሄድም እንዲሁ ሩቅ ነው፤ የጥቁሩ ንጉሥ ግን በሁለት እርምጃ ደርሶ ያን ወታደር ይማርከዋል። ለሁለቱም የዘገየ ይመስላል። ተራው የነጩ ነው፤ እኩልም ሊወጣ ይችላል።

ለመነሻ የሚሆናችሁ ይህ ነው። ንጉሥ በሰያፍ ሲራመድ ከአንድ ነገር ብቻ ይቀርባል ብላችሁ አታስቡ። ከቀ8 አንሥቶ የሚረግጣቸውን ቤቶች አንድ በአንድ በወረቀት ጻፉ፤ በእያንዳንዱም ቤት አጠገብ የጥቁሩን ወታደር ለመያዝ ስንት እርምጃ እንደ ቀረው፥ የራሱንም ወታደር ለማዳን ስንት እንደ ቀረው ጻፉ። ከዚያም በጥቁሩ ወገን ተቀምጣችሁ መልሳችሁን ለማፍረስ ሞክሩ። መልሱ በዚህ መጽሐፍ አልታተመም።